ሁለት ባትሪ ለአንድ ላፕቶፕ

«አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ናዝራዊት፣ ሁለት እጆቿን ለካቴና እንደምታቀርብ ገጥማ እየዘረጋች። መዳፎቿ በከሰል እንደጠቆሩ ነበሩ።

ዋና ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን የልጅቷን እጆች አየቻቸው እንጂ አልነካቻቸውም። በፖሊስነት ዘመኗ «አልገደልኩም» የሚሉ ሰዎች ጆሮዋን አደንቁረዋታል፤ ሳይጠየቅ «ገደልኩ» የሚል ሲገጥማት ግን ልቧ ቆም ይላል። ቁጡ ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስባታል። በዚያ ላይ ቀኑ እሑድ ነበር፣ በዚያ ላይ ወሩ ሐምሌ ነበር፣ በዚያ ላይ ከኮተቤ መንገድ ወደ እንጦጦ ጫካ የሚወጣው ዳገት መኪናዋን አሸንፏት የመጨረሻውን ጭቃ በእግሯ ነው የወጣችው። ቢሆንም ይህችን ልጅ መቆጣት አልሆነላትም።

«ነይ አሳይኝ» አለቻት።

ጉሙ ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ከአጥሩ በስተጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ የቅርቡ ጎረቤት ቢጮኹለት እንኳ የሚሰማ አይመስልም። ከዋናው ቤት ጎን ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ዘረሰናይ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተዋል። ፊታቸው ቀላ ብሏል፤ ላየው ሰው ደክሟቸው የተኙ ይመስላሉ። እግራቸው ሥር አመድ የሞላ፣ ባለ ሦስት እግር የብረት ከሰል ማንደጃ አለ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ሳጅን ጉዲሳ ቀድሞ ደርሶ ጉዳዩን በልቡ ዘግቶት ነበር።

«ከሰል ነው ኢንስፔክተር። ክረምት በገባ ቁጥር የምናየው ነው። ምስኪን ልጅ፣ ደንግጣ ነው እንዲህ የምትለው።»

«አልደነገጥኩም» አለች ናዝራዊት በሩ ላይ እንደቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም። «ነርስ ነኝ። እናቶችን ‹ከሰል አስገብታችሁ እንዳትተኙ› ብዬ የማስተምር እኔ ነኝ። ትናንት ከሥራ ስመለስ አባዬ እጁ ደንዝዞ መጻፍ አቅቶት አገኘሁት። ውጪ አቀጣጥዬ ፍም እስኪሆን ጠብቄ አስገባሁለት። ‹ክፍሉ ሞቅ ሲል አውጣው፣ እንዳትረሳ› አልኩት። ከዚያ ደክሞኝ ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አልጋው እንደተነጠፈ ነው።»

«መስኮቱስ?»

«ከፍቼው ነው የወጣሁት።» መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። «መሰለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ ነው። እጄ መስኮቱን ሲከፍት አይታየኝም።»

ጥሩብርሃን የተዘጋውን መስኮት ዞራ አየችው። ሕግ ይህችን ልጅ በነጻ ቢለቃት እንኳ እሷ ራሷን እንደማትለቅ ታያት። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን መስኮት በሐሳቧ ስትከፍትና ስትዘጋ ልትኖር ነው።

«መብራት ነበር?»

«ጋደም እንዳልኩ ጠፋ። ሲነጋጋ ነው የመጣው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ላፕቶፑ ክፍት ነው፤ ቻርጀሩም ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ማብሪያውን ስትጫነው ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተወዛወዘ እንጂ አልበራም።

«ባትሪው ሞቶ ይሆናላ» አለ ጉዲሳ።

«ባትሪው ቢሞት ቻርጀሩ ያስነሳው አልነበር?»

«እንግዲያው ቻርጀሩ ነው።»

«ቻርጀሩ ላይ ያለችው መብራት ስትበራ አታይም? ዝም ብለህ አትፍረድ፤ እያጣራህ ሂድ።»

ቢሮዋ ውስጥ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ በየሳምንቱ ስለሚያኮርፍ የማስታረቁን መንገድ ታውቀዋለች። የስልኳን ቻርጀር እዚያው ሶኬት ላይ ሰካች፤ ሠራ። ሶኬቱ ደህና ነው። የላፕቶፑ ቻርጀር መብራቱ በርቷል፤ እሱም ደህና ነው። የቀረው ወይ ኮምፒውተሩ ነው ወይ ባትሪው። አሻራ የሚያነሳው ባለሙያ ሥራውን እስኪጨርስ ጠበቀችና ላፕቶፑን ገልብጣ የባትሪውን መያዣ ገፋችው። ባትሪው ንቅንቅ አላለም። ሆዱ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ተነፍቶ ከጎድጓዳው ወጥቷል። በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃ ስታወጣው ቀጭ አለ። ከዚያ ባትሪ የሌለውን ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ጋር አገናኝታ ማብሪያውን ተጫነች። ስክሪኑ ቦግ አለ።

«አየህ? ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። የታመመው ባትሪው ነው፤ ጤነኛውንም ይዞት ወድቆ ነበር።»

«ያ የማን ባትሪ ነው?» አለች ናዝራዊት ከበሩ።

ሁለቱ ፖሊሶች ዞረው አዩዋት።

«የአባትሽ ነዋ» አለ ጉዲሳ።

«የአባዬ ባትሪ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው።»

ሄዳ አመጣችው። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እንደ ታቦት ዕቃ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

«ባትሪው እንዳይደክም ብሎ ላፕቶፑ የተገዛ ዕለት ነው ያወጣው። በመብራት ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም አብሮ ይጠፋል፤ እሱም ዘግቶ ይመጣና ይተኛል። ‹መብራት ኃይል ተኛ ካለኝ እተኛለሁ› ይላል።»

በአዲስ አበባ ለባትሪ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ብዙ ነው፤ ጥሩብርሃን ራሷ ስታደርገው ኖራለች። ግን እንግዲህ አንድ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አገኘ ማለት ነው። አንዱ መምህሩ የሳሱለት፣ ሌላው ማንም ያልጠራው።

«ጉዲሳ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሐኪሙ ደማቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ይፈልግ።»

ስትወጣ የበሩ ደፍ ላይ ያለው አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ዓይኗን ያዘው። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ሦስት ቦታ ቀልጦ ተበስቷል።

«ይህ መቼ ተቃጠለ?»

«እኔ እንጃ። አዲስ ነው፤ ትናንት ጠዋት ነው ያነጠፍኩት። ከሰሉን ያቀጣጠልኩት ደግሞ እዚያ ማዶ፣ ከቧንቧው አጠገብ ነው።»

 ኢንስፔክተሯ ምንጣፉን ጠቅልላ ራሷ ይዛው ሄደች።

መምህር ዘረሰናይ በእርጅናቸው የያዙት ሥራ ምን እንደነበር ናዝራዊት ቃሏን ልትሰጥ ወደ ጣቢያ ሲወርዱ ነገረቻት። እሳቸውና ሦስት የሙያ ባልደረቦቻቸው ለአንድ ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና ያዘጋጁ ነበር። ሥራውን ሲጀምሩ አራት አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ከአንድ ሱቅ ገዝተዋል። ከዚያ ፈተናው ገበያ ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት መምህሩ ሦስቱንም እዚሁ ቤት ሰብስበው፣ «ከመካከላችሁ አንዱ ፈተናውን ሸጧል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማስረጃውም ላፕቶፔ ውስጥ ነው። እስከ ሰኞ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» ብለው አሰናበቷቸው።

«ለሌባ ቀጠሮ ሰጡት በይኛ!» አለች ጥሩብርሃን።

«ተማሪ ሲያጠፋም እንደዚያ ነበር። አይጮህም። ራሱ መጥቶ እስኪነግረው ይጠብቀዋል።»

ላፕቶፑ ሲፈተሽ ግን የፈተናው ፋይልም ማስረጃውም ከውስጡ ጠፍተዋል።

ከሦስቱ ወጣቱ ጌድዮን ነው፤ ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ተከራይቶ ይኖራል። የአውቶቡሶቹ ጡሩምባ ክፍሉ ድረስ ይገባል። ላፕቶፑ ቻርጀሩ እንደተሰካ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ባትሪው ዊክ ነው። ብነቅለው ትንሽ ቆይቶ ያለቅስብኛል።» ከንፈሩ ደርቋል። «ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ቅዳሜ ጋሽ ዘሬን ጮኼባቸው ነው የወጣሁት። የጠረጠሩት እኔን መስሎኝ። ሶሪ እንኳን ሳልላቸው…»

 ጥሩብርሃን አላጽናናችውም፤ አላመነችውምም፤ ገና ነው።

ወይዘሮ አሳየች የባዮሎጂ መምህርት ናቸው፤ ኮተቤ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ይኖራሉ። ምላሳቸው ምላጭ ነው።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ጌድዮንን ከሆነ የምትጠረጥሪው ተይው፤ እሱ እንኳን ሊሰርቅ መዋሸትም አልለመደ። የማነ ደግሞ የዘረሰናይ ነፍስ ነው። እኔን ጠርጥሪኝ፣ ይሻልሻል።»

«ላፕቶፕዎ ባትሪው እንዴት ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ደህና ነው።» ነቅለው አሳዩአት፤ አልጠፋም። «አራቱንም ላፕቶፕ በአንድ ቀን ገዝተን የየማነ ብቻ ነው ያበደው። እሱ በጻፈ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ እየተወዛወዘ ስብሰባችንን ሁሉ ይበጠብጠን ነበር። በኋላ አንዱን እግሩን በካርቶን ደግፎ ለጠፈለትና ተገላገልን። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ጸጥ ብሏል።»

አቶ የማነ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ የሟቹ የልጅነት ወዳጅ። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ በዕንባ ቀልተው ላፕቶፓቸው ላይ እየጻፉ አገኘቻቸው። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የዘረሰናይን የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

«ከኔ ሌላ ማን ይጽፍለታል?» አሉ። «ልጅነቱን የማውቀው እኔ፣ ሚስቱን ስንቀብር አብሬው የቆምኩት እኔ።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መብራት ሲጠፋ ተኛሁ። ምን ይሠራል?» ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ። «አንዴ ይቅርታ፣ ሐሳቡ ሳይጠፋብኝ…»

በየፊደሉ ላፕቶፑ ቀጭ ቀጭ እያለ ይወዛወዛል። አጠገቡ ያለው የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። አቶ የማነ ሳያስቡት በግራ መዳፋቸው የላፕቶፑን ጥግ ተጫን አደረጉት። ጥሩብርሃን ሻዩን እያየች ተቀመጠች። 

ሰኞ ቀብሩ ሆነ። አቶ የማነ የሕይወት ታሪኩን ሲያነቡ ድምፃቸው ሦስቴ ተቆረጠ፤ ለቀስተኛው «እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጥ» እያለ አነባ። ናዝራዊት ብቻ አላለቀሰችም። እህል አልቀመሰችም፤ ሰው ሲያቅፋት እንደ ግንድ ትቆማለች። አንዲት ዘመዷ ለኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ፣ «ይህች ልጅ ትከተለዋለች፣ ተናግሬያለሁ» አለቻት።

ማክሰኞ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ ጥሩብርሃን ሦስቱን መምህራን ወደ ሳሎን ጠራቻቸው። ኮሌጁ ፈተናውን ስለሚፈልገው በእጃችሁ ያለውን ገጣጥሙልኝ ብላ ሦስቱም ላፕቶፓቸውን ይዘው እንዲመጡ አድርጋለች። ላፕቶፖቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ቻርጀራቸው ተሰክቶ በርተዋል። ናዝራዊት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ ከድንኳኑ የሰው ሹክሹክታ ይሰማል።

«ጉዲሳ!» ብላ ተጣራች።

የመብራት ቆጣሪው አጠገብ የቆመው ሳጅን መብራቱን አጠፋው። ሳሎኑ ጨለመ። የወይዘሮ አሳየች ላፕቶፕ እንደበራ ቀረ። የጌድዮን «ባትሪ አነሰኝ» እያለ ጮኸ እንጂ አልጠፋም። የአቶ የማነ እልም ብሎ ጠፋ።

«መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ላፕቶፕ» አለች ጥሩብርሃን፤ «ባትሪ የሌለው ነው።»

«አዎ፣ አወጣዋለሁ» አሉ አቶ የማነ ሳይቸኩሉ። «እንዳይደክም። ዘረሰናይ ነው ያስተማረኝ።»

«ጥሩ። የት ነው ያስቀመጡት?»

«ቤት… የሆነ ቦታ። ፈልጌ አመጣዋለሁ።»

«አይድከሙ። እኔ ይዤዋለሁ።» ያበጠውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይህ በሟቹ ላፕቶፕ ውስጥ የተገኘ ነው። የሳቸው ባትሪ ግን ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። ስለዚህ ይህን ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ለምን አስገባው? ላፕቶፑን መብራት በሌለበት ማስነሳት ስለፈለገ። መቼ? ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ እያለ። ምን ሊያደርግ? የፈተናውን ማስረጃ ሊያጠፋ። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጠው እያለ እንዴት ቻለ? ሐኪሙ መልሱን ዛሬ ጠዋት ላከልኝ፤ ደማቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አለ። ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ ባትሪውን ሊያወጣ ታገለ። በጨለማ፣ ያበጠ ባትሪ፣ በግድ የገባ! አልወጣ አለው። ስለዚህ በውጭ በኩል አሻራውን ጠርጎ ትቶት ሄደ። ‹የራሱ ባትሪ ነው› ይላሉ ብሎ።»

«አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ያለን አራት ነን» አሉ የማነ። «ባትሪውስ የኔ ስለመሆኑ ስሜ ተጽፎበታል?»

«እንደተጻፈ ይቁጠሩት።»

መብራቱ እንዲመለስ ካዘዘች በኋላ የአቶ የማነን ላፕቶፕ ገለበጠችው። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ታጥፎ የተለጠፈ የካርቶን ቁራጭ አለ። መልሳ ስታስቀምጠው ላፕቶፑ ወዲያ ወዲህ አለ። ወይዘሮ አሳየች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይህን ካርቶን የለጠፉት ባትሪው አብጦ ላፕቶፑ ስለሚወዛወዝ ነው። ከለጠፉት ወዲህ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወይዘሮ አሳየች ያውቃሉ። እሑድ ቤትዎ ስመጣ ግን ይወዛወዝ ነበር፤ ሻይዎ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ባትሪው ሲወጣ ካርቶኑ ቀረ። ዓይን የለመደውን አያይም፣ አቶ የማነ።»

ያበጠውን ባትሪ አንስታ ጎድጓዳው ውስጥ አስገብታ ተጫነችው። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አንዱን ጥግ በጣቷ ነካችው። ሌላውንም ነካችው። ላፕቶፑ ንቅንቅ አላለም።



«ውስጠኛው ጎኑ ላይ ያለውን አሻራ መጥረግ አልቻሉም፤ ባትሪው አልወጣማ። ያንን ከእጅዎ ጋር ለማስተያየት ብዙ አንቸገርም።»

አቶ የማነ እጆቻቸውን ከጠረጴዛው ላይ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አደረጓቸው። በአንዴ አረጁ።

«ይነግርብኛል ብዬ ነው» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት…»

«አንተ!» አለ ጌድዮን፤ ሳጅን ጉዲሳ ከውጭ ገብቶ ባይዘው ሊያንቃቸው ነበር።

ጥሩብርሃን ግን ፊቷን ወደ ናዝራዊት አዙራ ነበር። አረንጓዴውን ምንጣፍ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላት።

«ሦስት የተቃጠለ ቦታ። የማንደጃው እግር ሦስት ነው፤ አስቀምጬ አይቼዋለሁ፣ ልክክ ይላል። እሳቱ እንደጋለ ውጭ ወጥቶ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንቺ አላወጣሽውም። ያወጣው አባትሽ ነው።»

ናዝራዊት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ስትላቸው የኖረችውን ሰው አየቻቸው።

«እውነት ነው?»

 አቶ የማነ ሳጅኑ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስነሳቸው ነው የተናገሩት።

«ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ስመጣ እሳቱን እያወጣ ነበር። ‹ብርድ አይደል እንዴ፣ ለምን ታወጣዋለህ?› አልኩት። ‹ልጄ አደራ ብላኛለች፣ ብረሳው ትቆጣኛለች› አለኝ።»

«መስኮቱስ?» አለች ናዝራዊት። «መስኮቱስ ጋሼ?»

«ክፍት ነበር። እሳቱን መልሼ ያስገባሁትም፣ መስኮቱን የዘጋሁትም እኔ ነኝ።»

ወሰዷቸው። በድንኳኑ መካከል ሲያልፉ ሹክሹክታው ቀጥ አለ።

ናዝራዊት ምንጣፉን ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛ እንደተቀመጠች ቀረች። ከዚያ፣ ከእሑድ ጀምሮ ዕንባ ያልወጣት ልጅ፣ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሴቶች እየሮጡ ገቡ፤ መምህሩ አሁን ገና የሞቱ ያህል እንደ አዲስ አለቀሱላቸው። ጥሩብርሃንም ቁጣዋን የት እንዳደረሰችው እንጃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ አብራቸው አለቀሰች።